አሮጌ ኮምፒውተርን ከዲሽ ጋር አገናኝቶ የቲቪ ፕሮግራም መቅዳት

እናቴ የምትከታተለው ተከታታይ ድራማ ከምሽቱ 2 ሰዓት ይጀምራል። እንደ ክፉ አጋጣሚ በዚያው ሰዓት አባቴ ዜና ይፈልጋል። እሱ ባይኖር ጎረቤት ብቅ ይላል፤ ወይ ለቅሶ ሊደረስ ተሂዶ ይመሻል። «በኋላ ዩቲዩብ ላይ ይለቁታል» ይባላል። አንዳንዱን ይለቁታል፣ አንዳንዱን አይለቁትም። የተለቀቀውን ለማየትም ጥቅል መግዛት አለ። ዲሹ ግን ጣሪያ ላይ ተቀምጦ ሌት ተቀን በነጻ ያወርዳል። የጎደለው የሚወርደውን ይዞ የሚያቆይ ነገር ብቻ ነበር።

አንድ አሮጌ የቢሮ ዴስክቶፕ ነበረኝ። ቲቪው ሥር አስቀምጬ መቅጃ አደረግኩት። እንዴት እንደሠራሁት ከነስህተቴ ልንገራችሁ። ኮምፒውተሩ ራሱ ብዙም አላስቸገረኝም። ያደከመኝ የጣሪያው ሥራ፣ የሰዓት አቆጣጠራችንና የመብራት ነገር ነው። ስለዚህ ኮምፒውተሩን ቶሎ ቶሎ እያልኩ አልፈዋለሁ፣ በነዚህ ላይ ግን እቆያለሁ።

መጀመሪያ ሪሲቨራችሁን እዩት

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ያላችሁን ሪሲቨር አገላብጡት። ብዙዎቹ የፍላሽ መሰኪያ አላቸው። ሪሞቱ ላይም ቀይ ክብ ያለበት የመቅጃ ቁልፍ ይኖራል። ፍላሽ ሰክታችሁ ቁልፉን ስትጫኑ መቅዳት ከጀመረ፣ ለአንድ ድራማ እሱ ይበቃችኋል። ይህን ጽሑፍ እዚሁ ብታቆሙት አልቀየምም።

የሪሲቨር መቅጃ ግን ልክ አለው። እየቀዳ ሳለ በሌላ ፍሪኩዌንሲ ወደሚመጣ ቻናል መዞር አትችሉም። ፍላሹ በፋት 32 ፎርማት ከተደረገ አንድ ፋይል ከ4 ጊጋባይት ስለማይበልጥ ረዘም ያለ ፕሮግራም ይቆራረጣል። አንዳንዱ ሪሲቨር ደግሞ የቀዳውን እሱ ብቻ በሚያነበው መልክ ያስቀምጠዋል፤ ላፕቶፕ ላይ አይከፈትም። ቤት ውስጥ ሁለትና ሦስት ሰው የየራሱን ፕሮግራም የሚፈልግ ከሆነ ኮምፒውተሩ ይሻላል።

የማወራው በነጻ ስለሚተላለፉ ቻናሎች መሆኑንም ያዙልኝ። ወርሃዊ ክፍያ ያላቸው፣ እንደ ዲኤስቲቪ ያሉት፣ የተቆለፉ ናቸው። በዚህ መንገድ አይቀዱም። የተቀዳውም ለቤት ነው። የሰው ድራማ ቀድቶ በራስ ቻናል ዩቲዩብ ላይ መጫን የባለቤቱን መብት መንካት ነው፤ እዚያ ውስጥ አልገባም።

ዕቃው

ቪዲዮ መቅዳት ሲባል ብዙ ሰው ኃይለኛ ኮምፒውተር የሚያስፈልግ ይመስለዋል። አይደለም። ቪዲዮው ተጨምቆ ያለቀለት ሆኖ ነው ከሳተላይት የሚመጣው። የኮምፒውተሩ ሥራ የመጣውን እንዳለ ዲስክ ላይ መጻፍ ብቻ ነው። ይህን አሥር ዓመት ያለፈው ማሽንም እያዛጋ ይሠራዋል። የኔው ሁለተኛ ትውልድ ኮር አይ 3 ነው፣ ራሙ 4 ጊጋባይት። 64 ቢት መሆኑን ብቻ አረጋግጡ። ቲቪው ላይ ለማየት ኤችዲኤምአይ መውጫ ቢኖረው ጥሩ ነው። የቢሮ ዴስክቶፖች ብዙ ጊዜ ዲስፕሌይ ፖርት ነው ያላቸው፤ ያኔ መቀየሪያዋን መግዛት ነው።

ላፕቶፕም ይሆናል። ስክሪኑ የተሰበረ ላፕቶፕ ካላችሁ ከመጣል ይህን አድርጉት።

ለዲስክ ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ ቻናል በሰከንድ 4 ሜጋቢት ቢልክ በሰዓት 1.8 ጊጋባይት ይሆናል። ስለዚህ 500 ጊጋባይት ዲስክ ከ270 ሰዓት በላይ ይይዛል። ኤችዲ ቻናል እጥፍ ሊወስድ ይችላል። እንደዚያም ሆኖ ለአንድ ቤተሰብ ከበቂ በላይ ነው።

አስቦ መግዛት የሚያስፈልገው ዕቃ ቲውነሩ ነው። ቲውነር ማለት የሪሲቨሩ ሆድ ዕቃ በካርድ መልክ ማለት ነው። ስትገዙ እነዚህን ጠይቁ።

መጀመሪያ፣ ለሳተላይት የተሠራ ይሁን። «ቲቪ ካርድ» ስትሉ ሻጩ ለአንቴና የሚሠራውን ሊያቀብላችሁ ይችላል። ሁለቱ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። ካርቶኑ ላይ ዲቪቢ-ኤስ2 የሚል መኖር አለበት። በ«ኤስ» ብቻ የሚያበቃው የድሮው ነው፣ ይቅርባችሁ። በ«ቲ» የሚያበቃው ደግሞ የአንቴናው ነው።

ቀጥሎ፣ ሲምቦል ሬት (ሪሲቨር ላይ ከፍሪኩዌንሲው ጋር የሚሞላው ቁጥር) እስከ 45000 መቀበሉን አረጋግጡ። ይህን ያልኩበት ምክንያት አለኝ፤ የኢትዮጵያ ጣቢያዎች የሚገኙበትን የኢትዮሳትን ፍሪኩዌንሲ ሪሲቨር ላይ የሞላ ሰው ሁሉ ይህን ቁጥር ያውቀዋል። 11105፣ ሆሪዞንታል፣ 45000። ቲውነሩ ከዚያ በታች የሚያቆም ከሆነ ሲግናል እያለ ቻናል አታገኙም።

ሦስተኛው የሊኑክስ ድራይቨር ነው። እኔ የተጠቀምኩት ሶፍትዌር በዊንዶውስ ፋንታ በሚጫነው ነጻ ሲስተም፣ በሊኑክስ ላይ ስለሚሠራ ነው። የቲቢኤስ፣ የዲቪቢስካይና የሃውፖግ ካርዶች በዚህ በኩል የታወቁ ናቸው። ዲቪቢስካይ ኤስ960 ለምሳሌ በዩኤስቢ የሚሰካ ነው፤ ላፕቶፕ ላይም ይሆናል።

ዴስክቶፕ ውስጥ የሚገባውን ካርድ ከመረጣችሁ ደግሞ የኮምፒውተሩን ቁመት እዩ። ቀጫጭኖቹ የቢሮ ዴስክቶፖች የሚቀበሉት አጭር የብረት መያዣ ያለው ካርድ ብቻ ነው። ከካርዱ ጋር አጭሩ መያዣ መኖሩን ሳትጠይቁ ከውጭ አታስመጡ። እኔ አልጠየቅኩም። ካርዱን ያመጣልኝ ዘመዴ ተመልሶ ሄዷል፣ እኔ የረዘመውን ብረት ይዤ ብየዳ ቤት ሄድኩ።

ጣሪያው ላይ

ኢትዮሳት ራሱን የቻለ ሳተላይት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ኤስኢኤስ የተባለው የሉክሰምበርግ ኩባንያ ኤንኤስኤስ 12 በሚባል ሳተላይቱ ላይ ለኢትዮጵያ ጣቢያዎች የሰጠው ቦታ ነው። ሳተላይቱ 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ ሲታይ ወደ ምሥራቅ፣ ትንሽ ወደ ደቡብ ዘንበል ብሎ፣ ከአድማስ 66 ዲግሪ ያህል ከፍ ይላል። ናይልሳት ደግሞ 7 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ነው፤ ወደ ምዕራብ ዞራችሁ 37 ዲግሪ ገደማ ቀና ስትሉ ታገኙታላችሁ። ሁለቱ ሰማዩን ለሁለት ተካፍለውታል። በአንድ ተራ ዲሽ ሁለቱንም መያዝ አይቻልም፤ ጣሪያው ሁሉ ጥንድ ጥንድ ዲሽ የተሸከመው ለዚህ ነው።

አሁን ዋናው ጥያቄ ይመጣል። ሪሲቨሩ እንደነበረ ይቀጥል፣ ኮምፒውተሩም ከዲሹ ይጠጣ ብትሉ፣ በጣም ቀላል የሚመስለው ኬብሉን በስፕሊተር ለሁለት መክፈል ነው። አታድርጉት። እኔ አድርጌው ሁለት ሳምንት ተበሳጭቻለሁ።

ምክንያቱ ይህ ነው። ዲሹ ፊት ለፊት የተሰካችው ኤልኤንቢ ትእዛዝ ተቀባይ ናት። ሪሲቨሩ በዚያው ኬብል ኤሌክትሪክ ይልክላታል። 13 ቮልት ከላከ ቨርቲካሉን (ቁም ሞገዱን)፣ 18 ቮልት ከላከ ሆሪዞንታሉን (አግድሙን) ታወርዳለች። ሁሉን ያዥ የሚባለው ዩኒቨርሳል ኤልኤንቢ ከሆነ ደግሞ 22 ኪሎኸርትዝ ድምፅ ሲጨመርበት ከ11700 በላይ ወዳለው ክፍል ትዞራለች። ስለዚህ አንድ ኤልኤንቢ በአንድ ጊዜ የአንድ አዛዥ ናት። አባቴ ቨርቲካል ላይ ያለ ቻናል ሲከፍት የኔ ቀረጻ ይበጣጠሳል። ኮምፒውተሩ ሲያዝ ደግሞ የአባቴ ዜና ይጠፋል። ቤት ውስጥ ማን አጠፋው የሚል ነገር ይነሳል።

መፍትሔው ሁለት መውጫ ያለው ኤልኤንቢ ነው። ዲሽ ዕቃ የሚሸጡ ቤቶች ሁሉ አላቸው። አንዱ መውጫ ወደ ሪሲቨር፣ ሌላው በአዲስ ኬብል ወደ ኮምፒውተር። ሁለቱ መውጫዎች አይነካኩም፤ እያንዳንዱ የየራሱን አዛዥ ይሰማል። አሮጌዋን ነቅላችሁ አዲሷን ስትተክሉ በነበረችበት ጥልቀትና ዘንበል አድርጋችሁ ሰኩ፤ ያኔ ዲሹን መነካካት አያስፈልግም። ከመንቀላችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሱ። አሮጌዋ የነበረችበትንም በማርከር ምልክት አድርጉ።

ኢትዮሳትንና ናይልሳትን በአንድ ኬብል የሚያወርድ ባለ አራት ቀዳዳ ስዊች ካላችሁ፣ ለኮምፒውተሩም የራሱ ስዊች ያስፈልገዋል። ሪሲቨሩ ሜኑ ውስጥ የትኛው ሳተላይት የትኛው ቁጥር ላይ እንደሆነ ጻፉ። ኮምፒውተሩም ይህንኑ ይጠይቃችኋል። እኔ ግን ለመጀመሪያ ኢትዮሳትን ብቻ ቀጥታ አገናኙ እላለሁ። ሁለቱን በአንድ ቀን ከሞከራችሁ ችግር ሲመጣ ከየት እንደመጣ አታውቁትም።

ኬብል ስታስሩ ሪሲቨሩም ኮምፒውተሩም ከሶኬት ይነቀሉ። ኬብሉ ውስጥ ቮልቴጅ አለ። ከሽቦው ጥልፍ አንዲት ክር መሃል ያለችውን መዳብ ከነካች ካርዱ ሊጎዳ ይችላል። ጫፉን ስትልጡ ክሮቹን ወደ ኋላ መልሱና መዳቧ ብቻዋን መቅረቷን እዩ። ውጭ የሚቀረው መጋጠሚያ ውኃ እንዳይገባው በላስቲክ ቴፕ ይጠቅለል። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ዝናብ ከጣለ በኋላ አትውጡ፤ ወይ ዲሽ ሠራተኛ ጥሩ፤ ዋጋው ከወጌሻ ያንሳል።

አንድ ዘዴ ልስጣችሁ፣ ብዙ ጊዜ ያድናችኋል። አዲሱን ኬብል ኮምፒውተሩ ላይ ከመሰካታችሁ በፊት ሪሲቨሩ ላይ ሰክታችሁ ቻናል ይወጣ እንደሆነ ሞክሩት። ከወጣ ጣሪያው ሥራውን ጨርሷል። ከዚህ በኋላ የሚገጥማችሁ ችግር ሁሉ የኮምፒውተሩ ነው ማለት ነው።

ሶፍትዌሩ

ዊንዶውስ ላይም የሚሠሩ ፕሮግራሞች አሉ። እኔ የመረጥኩት ግን ሊብሬኤሌክ የሚባለውን በሊኑክስ የተሠራ ሲስተም ነው። ነጻ ነው፣ ትንሽ ነው፣ ኮምፒውተሩ ሲበራ ቀጥታ ኮዲ የሚባለው የቪዲዮ ማሳያ ፕሮግራም ይከፈታል። እንደ ቲቪ በሪሞት የሚነዳ ነገር ስለሆነ እናቴም ትጠቀምበታለች። ኢንተርኔት የሚያስፈልገው በዋናነት ስትጭኑ ነው።

1. ሌላ ኮምፒውተር ላይ የሊብሬኤሌክን የፍላሽ ማዘጋጃ ፕሮግራም አውርዱ። ከዝርዝሩ «ጀነሪክ» የሚለውን ምረጡና ፍላሽ ላይ ጻፉት። ፍላሹ ላይ ያለው ነገር በሙሉ ይጠፋል።

2. ፍላሹን መቅጃ የሚሆነው ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ አብሩ። በፍላሹ እንዲነሳ፣ ዴልና ሌኖቮ ላይ ኤፍ12፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ9 ደጋግማችሁ ተጫኑ። መጫኛው ሲመጣ የመረጣችሁትን ዲስክ ሙሉ በሙሉ እንደሚያጠፋ እወቁ። የልጆች ፎቶ ያለበት ዲስክ ከሆነ መጀመሪያ አውጡት። ይህን በቀልድ አላልኩትም።

3. እንደገና ሲነሳ ኮዲ ይከፈታል። ከራውተር ጋር በኬብል አገናኙት። ሴቲንግ ውስጥ አገሩን ኢትዮጵያ፣ የሰዓቱን አጻጻፍ ባለ 24 አድርጉ። ይህን አሁኑኑ አድርጉ፣ ወደ ሰዓቱ እንመለሳለን።

4. አድኦን የሚለው ውስጥ ገብታችሁ ከሊብሬኤሌክ ማከማቻ፣ ሰርቪስ ከሚለው ሥር፣ «ቲቪሄድኤንድ ሰርቨር» የሚለውን ጫኑ። ቀጥሎ ከፒቪአር ክላየንቶች መሃል የቲቪሄድኤንድን ክላየንት ጫኑ። ሰርቨሩ ይቀዳል፣ ክላየንቱ ያሳያል። ሁለቱም አንዱ ኮምፒውተር ላይ ሊሆኑ ይችላሉ።

ከዚህ በኋላ ያለውን በስልክ ወይም በላፕቶፕ መሥራት ይሻላል። የኮምፒውተሩን አይፒ አድራሻ ከኮዲ ሲስተም መረጃ ላይ እዩ። ብራውዘር ላይ አድራሻውን ጻፉ፣ የእንግሊዝኛውን ሁለት ነጥብ (:) አስከትሉ፣ 9981 ጨምሩ። የቲቪሄድኤንድ ገጽ ይከፈታል። መጀመሪያ ስትገቡ አንድ መሪ ጥያቄና መልስ ይጀምራችኋል። ስምና የይለፍ ቃል እስከምትሞሉበት አብራችሁት ሂዱ፣ ከዚያ ዝጉት። የቀረውን በእጅ መሙላቱ ይሻላል፤ ተዘጋጅተው ከሚመጡት የፍሪኩዌንሲ ዝርዝሮች ላይ ከመመካት ሪሲቨራችሁ ላይ ያለውን ማመን ነው።

ቻናል ማስገባት

ኮንፊገሬሽን ውስጥ ዲቪቢ ኢንፑት የሚል አለ። ኔትወርክ በሚለው ሥር አዲስ ዲቪቢ-ኤስ ኔትወርክ ጨምሩ፣ ስሙን ኢትዮሳት በሉት። ከዚያ አዳፕተር በሚለው ውስጥ ቲውነራችሁን ፈልጉ። ካልታየ ካርዱ አልተነበበም ማለት ነው፤ ነቅላችሁ ሰኩት፣ ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ አብሩት። ከታየ አብሩትና የኤልኤንቢውን ዓይነት ዩኒቨርሳል አድርጉ። ስዊች ከሌላችሁ «ዩኒቨርሳል ኤልኤንቢ ብቻ» የሚለው ነው። ኔትወርኩን ኢትዮሳት በሉት።

ቀጥሎ ሙክስ የሚለው ላይ ፍሪኩዌንሲ ትጨምራላችሁ። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይወድቃል። ሪሲቨር ላይ 11105 እና 45000 ብለን ነው የምንሞላው። ቲቪሄድኤንድ ግን ፍሪኩዌንሲውን በኪሎኸርትዝ፣ ሲምቦል ሬቱን በሙሉ ቁጥር ነው የሚፈልገው። ስለዚህ 11105000 እና 45000000 ብላችሁ ጻፉ። ሦስት ዜሮ ጨምሩ ማለት ነው። ፖላራይዜሽኑ ኤች (ሆሪዞንታል)፣ ዓይነቱ ዲቪቢ-ኤስ2። ሞዱሌሽኑን አውቶ አድርጋችሁ ካልያዘ መጀመሪያ ኪውፒኤስኬ፣ ከዚያ 8ፒኤስኬ እያላችሁ ሞክሩ። ፍሪኩዌንሲ በየጊዜው ስለሚቀያየር ሌሎቹን ከራሳችሁ ሪሲቨር ሜኑ ላይ ቅዱ። ሪሲቨሩ ላይ የሚሠራው ቁጥር እዚህም ይሠራል።

ትንሽ ጠብቁ። ፍለጋው ሲያልቅ ውጤቱ «ኦኬ» ወይም «ፌይል» ይላል። ኦኬ ካለ ሰርቪስ የሚለው ውስጥ የቻናሎቹ ስም ተደርድሮ ታዩታላችሁ። ሁሉንም ወደ ቻናል ለውጡ የሚለውን ተጫኑ። ከዚያ ወደ ኮዲ ተመልሳችሁ ክላየንቱ ላይ አድራሻውን 127.0.0.1 አድርጉ፣ ስምና የይለፍ ቃላችሁን ሙሉ። ቲቪ የሚለው ሜኑ በቻናል ይሞላል።

በዚህ ላይ አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። በአንድ ፍሪኩዌንሲ ብዙ ቻናሎች አብረው ነው የሚወርዱት። ቲውነሩ አንድ ቢሆንም ያንን ፍሪኩዌንሲ ከያዘ በውስጡ ያሉትን ሁሉ በአንድ ጊዜ መቅዳት ይችላል። እኛ ቤት ድራማውም ዜናውም አንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ ስለሆኑ አንዱ እየታየ ሌላው ይቀዳል። ለሁለት ቲውነር ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት የምትወዷቸው ቻናሎች የት የት እንደሚገኙ ተመልከቱ።

የሰዓቱ ጉዳይ

የመጀመሪያውን ቀን ድራማውን ልቅዳ ብዬ 2:00 ሞላሁ። ጠዋት ከፍቼ ሳየው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የተቀዳ ማስታወቂያና የተደገመ ውይይት አገኘሁ። እናቴ ምንም አላለችኝም። ዝም ማለቷ ነው የባሰው።

ኮምፒውተሩ የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነው። ለቀን ሰዓት 6 ደምሩ፦ ከቀኑ 9 ሰዓት 15:00 ነው። ከምሽቱ 1 እስከ 5 ላለው 18 ደምሩ፦ ከምሽቱ 2 ሰዓት 20:00፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት 21:00። ከሌሊቱ 6 በኋላ ላለው 6 ቀንሱ፦ ከሌሊቱ 7 ሰዓት 1:00 ይሆናል። ግራ ካጋባችሁ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ቲቪው ጀርባ ለጥፉ። እኛ ቤት ተለጥፏል።

ከሰዓቱ የባሰው ቀኑ ነው። እኛ «ማክሰኞ ሌሊት 7 ሰዓት» ስንል ማክሰኞ አምሽተን ማለታችን ነው። ለኮምፒውተሩ ግን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሲሞላ ረቡዕ ገብቷል። ስለዚህ የማክሰኞ ሌሊት ጨዋታ ረቡዕ 1:00 ተብሎ ነው የሚሞላው። ለበዓል ፕሮግራም ቀን ስትመርጡም የፈረንጁን ቀን አስሉ።

መቅጃውን ለመሙላት ቲቪሄድኤንድ ላይ ሪከርደር ውስጥ ታይመር የሚል አለ። ቻናሉን፣ ቀኖቹን፣ መጀመሪያና መጨረሻውን ትሞላላችሁ። ዘወትር ሰኞና ረቡዕ ካላችሁት በየሳምንቱ ራሱ ይቀዳል። የፕሮግራም ዝርዝር ከሳተላይቱ ጋር የሚልኩ ጣቢያዎች ላይ ፕሮግራሙን መርጦ መጫን ይቻላል፤ ዝርዝሩ ባዶ ሲሆን ወይም ከሚተላለፈው ጋር ሳይገጥም ሲቀር ግን ታይመሩ ነው የሚያዋጣው። ጣቢያ ሰዓት ያዛንፋል። ከፊት 5 ደቂቃ፣ ከኋላ 20 ደቂቃ ጨምሩ። የድራማው መጨረሻ ተቆርጦ ከሚቀር ግማሽ ዜና አብሮ ቢቀዳ ይሻላል።

እዚያው የመቅጃ ፕሮፋይል የሚባል ገጽ አለ። ሦስት ነገር ቀይሩበት። የሚቀመጥበትን ቦታ ትልቁ ዲስክ አድርጉ። የስትሪም ፕሮፋይሉን «ፓስ» በሉት፤ የመጣውን ሳይነካ እንዲያስቀምጥ ነው። ነጻ ሆኖ መቅረት ያለበትን የዲስክ መጠንም ጻፉ፣ ዲስኩ ጢም እንዳይል።

መብራት ሲጠፋ

«ፓስ» ያልኩበት አንዱ ምክንያት መብራት ነው። በዚህ መልክ የተቀዳ ፋይል መሃል ላይ ቢቋረጥ እስከተቋረጠበት ድረስ ይታያል። ሌሎች የቪዲዮ ዓይነቶች መጨረሻው በትክክል ካልተዘጋ ጭራሽ አይከፈቱም።

ቀጥሎ ኮምፒውተሩ መብራት ሲመጣ ራሱን እንዲያበራ አድርጉት። ሲነሳ ባዮስ (የኮምፒውተሩ የራሱ መነሻ ሴቲንግ) ውስጥ ግቡና ፓወር ከሚለው ሥር፣ መብራት ከተቋረጠ በኋላ ምን ይሁን የሚለውን ፈልጉ። «ፓወር ኦን» አድርጉት። ይህን ካላደረጋችሁ መብራት ቀን 9 ሰዓት ላይ ለአንድ ደቂቃ ብልጭ ብሎ ቢሄድ የማታው ድራማ አይቀዳም፤ ማንም ልብ ሳይለው ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ያመሻል። ይህ ከተስተካከለ ግን የመቅጃው ሰዓት ሳያልፍ መብራት ከተመለሰ ቀረጻውን ይቀጥላል። ፋይሉ ሁለት ቦታ ይሆናል እንጂ አይጠፋም።

አነስተኛ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጊዜው የሚተካ ባትሪ) ብትጨምሩ ለአጭር መቆራረጥ ያግዛል። ቲቪውን ዩፒኤሱ ላይ አትሰኩት፤ ለመቅዳት ቲቪው መከፈቱ ግድ አይደለም። ኤልኤንቢዋም ኃይል የምታገኘው ከካርዱ ስለሆነ ጣሪያ ላይ ሌላ ነገር አያስፈልግም። ላፕቶፕ የምትጠቀሙ ሰዎች ግን ልብ በሉ፤ ላፕቶፑ በባትሪ ቢቆይም የዩኤስቢ ቲውነሩ የራሱ አዳፕተር አለው። እሱም ዩፒኤስ ላይ ካልተሰካ ባትሪው ምንም አይረባችሁም።

በአሮጌ ኮምፒውተር ላይ ሌላም አለ። ማዘርቦርዱ ላይ ሳንቲም የምታክል ባትሪ አለች፣ ሲአር 2032 ትባላለች። እሷ ከሞተች መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል። ኢንተርኔት ካለ ራሱን ያስተካክላል፤ ከሌለ ታይመሩ ዝም ይላል። ባዮሱ ውስጥ የሞላችሁትም አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ባትሪዋ ርካሽ ናት፣ አሁኑኑ ቀይሯት።

ሲበላሽ

ምስሉ አልፎ አልፎ በትናንሽ አራት ማዕዘን ከተበጣጠሰ መጀመሪያ ሰማዩን እዩ። እነዚህ ፍሪኩዌንሲዎች ከባድ ዝናብ አይወዱም። በክረምት ደመናው ሲጠቁር የሚቆራረጥና ሲያባራ የሚመለስ ከሆነ ዲሹ በጥቂቱ ተዛንፏል ማለት ሊሆን ይችላል። በበጋ የሚያዘው በጭንቅ ስለሆነ ዝናቡ የሚበላው ትርፍ የለውም። ቲቪሄድኤንድ ውስጥ ስታተስ የሚለው የሲግናሉን ጥራትና የስህተቱን ብዛት ያሳያል። እዚያ እያያችሁ አንድ ሰው ዲሹን በጣም በትንሹ ያንቀሳቅስ።

ዝናብ ሳይኖር ከሆነ ኬብሉንና መጋጠሚያውን መርምሩ። ሆሪዞንታሉ ጠፍቶ ቨርቲካሉ ብቻ የሚሠራ ከሆነ 18 ቮልቱ ኤልኤንቢዋ ጋ እየደረሰ አይደለም፤ ኬብሉ ረዝሟል ወይም ቀጥኗል፣ አለዚያ የቲውነሩ አዳፕተር አልተሰካም።

የተቀዳውን ለጎረቤት በፍላሽ ስትሰጡ፣ ፋይሉ ከ4 ጊጋባይት በላይ ከሆነ ፋት 32 ፍላሽ አይቀበለውም። ፍላሹን ኤክስፋት ፎርማት አድርጉት። የጎረቤታችሁ ቲቪ የቆየ ከሆነ ደግሞ ኤክስፋት ላያነብ ይችላል፤ ያኔ ቲቪያቸውን ከመውቀስ ፕሮግራሙን ለሁለት ከፍላችሁ ስጧቸው።